የመጋላ ማህፀን

ሱሉልታ፣ ታኅሣሥ 14 ቀን 2008 ዓ.ም.

ለተከበሩ ዶክተር ሚንሃ፣
ሰበታ

ለጤናዎ እንደምን ሰንብተዋል? እኔም፣ ባለቤቴ ገለቴም፣ ከብቶቹም ደህና ነን፤ ዋቃ ይመስገን።

የወተት መኪና ሹፌሩ ካሣዬ ማስታወሻዎን አድርሶልኛል። «ስም የሌለበት ብልቃጥ ደረሰኝ፤ የማን ነው? አያንቱስ ለምን ስልኳን ዘጋች?» ይላል። ስሙን ሳልጽፍ የላክሁት እኔ ነኝ፤ ይቅርታ ያድርጉልኝ። የአያንቱ አባት ቦጂያ እባላለሁ። ቢሾፍቱ አብራችሁ ስትማሩ በበዓል ቤት በመጣች ቁጥር የእርስዎን ስም ሳታነሳ አትውልም ነበር። ስልክ እንዳልደውል ጆሮዬ ከሁለት ዓመት ወዲህ ደክሟል፤ ገለቴም ስልክ የላትም። ስለዚህ ካሣዬ ወተት ይዞ ወደ ቡራዩ በወረደ ቁጥር ደብዳቤ እንዲያደርስልኝ ለምኜዋለሁ። ከቡራዩ ሰበታ የሚሄድ ሰው አያጣም።

ብልቃጡ ውስጥ ያለው ጥጥ ከባዝራዬ ከመጋላ ማህፀን የወጣ ነው። ያወጣችው አያንቱ ናት። በዚያው ጠዋት «ካሣዬ ሳያልፍ ስጠው፤ ሰበታ ላቦራቶሪ ለሚንሃ በለው» ብላ አስይዛኝ ወደ ክሊኒኳ ሄደች።

መጋላ አሥራ አንድ ዓመቷ ነው። አባቴ ያቆዩልን ዘር የቀረው በእሷ ብቻ ነው። ከሦስት ዓመት በፊት ሞቶ የተወለደ ውርንጭላ ጣለች፤ የእንግዴ ልጁም እስከ ማግስቱ አልወረደም። ከዚያ ወዲህ አራት ጊዜ ድንጉላ አገናኘናት፤ አራቱንም ባዶ ቀረች። ፈረስ በፈለገች ጊዜ አጓት የመሰለ ነገር ይወርዳትና ጭራዋ ላይ ይደርቃል። ጎረቤት ሁሉ «መካን ሆናለች፣ ልቀቃት» ይለኛል። የተለቀቁ ፈረሶች አስፋልት ዳር ቆመው የሚሆኑትን ስለማውቅ እሺ አላልሁም።

እኔ በወጣትነቴ ጃንሜዳ ፈረስ ጠባቂ ነበርሁ፤ ፊደልም የቆጠርሁት እዚያው በረት ውስጥ ነው። ፈረስን ከውጭ አውቀዋለሁ። ከአረማመዱ የትኛው ሰኮናው እንደሚያመው እነግርዎታለሁ። ውስጡን ግን የሚነግረኝ ሰው አላገኘሁም። አያንቱ «ሚንሃ ታየዋለች» ብላኛለች።

አያንቱ ስልኳን የዘጋችው ለሥራ ርቃ ተልካ ነው። ኔትወርክ የሌለበት ወረዳ ነው ይላሉ። ስትመለስ ትደውልልዎታለች።

አክባሪዎ
ቦጂያ


ሰበታ፣ ታኅሣሥ 19 ቀን 2008 ዓ.ም.

ለአባባ ኦቦ ቦጂያ፣

አካም ጅርቱ? እማማ ገለቴስ? እኛ አልሐምዱ ሊላህ ደህና ነን።

መጀመሪያ አንድ ነገር ልለምንዎት። የአያንቱ አባት እኔን «እርስዎ» ሲሉኝ አፍራለሁ። አንቺ ይበሉኝ።

ጥጡ መንገድ ላይ ደርቆ እንደሆነ በካሣዬ አስጠይቀውኛል። አልደረቀም። ምን እንዳየሁ ግን በአንድ ቃል ልነግርዎት አልችልም፤ ታገሱኝ።

እኛ ዘንድ መዳፍ የምታህል ክዳን ያላት ጠፍጣፋ ሳህን አለች። ውስጧ የበግ ደም የተቀላቀለበት የረጋ ነገር ይፈስባታል፤ ቀይ ናት። ጥጡን እላይዋ ላይ አሽቼ እንደ ጫጩት ማሞቂያ ሞቅ በሚል ሳጥን ውስጥ አሳደርኳት። ጠዋት ስከፍት ሳህኗ ላይ ጤዛ ወጥቷል። ከሰናፍጭ ፍሬ ያነሱ፣ የሚያበሩ ጠብታዎች፤ በመቶ የሚቆጠሩ። ወደ መስኮቱ አንስቼ በፀሐይ አየኋት። በእያንዳንዱ ጠብታ ዙሪያ ደሙ ጠፍቶ ብርሃን የሚያሳልፍ ቀለበት ሆኗል። ደሙን በልተውታል። መጋላን ሦስት ዓመት ልጅ የከለከሏት እነዚህ ናቸው።

አባባ፣ እዚህ ስሠራ ሦስተኛ ዓመቴ ነው። በቀን ሠላሳ ሳህን አያለሁ፤ ቁጥር ጽፌ አልፋለሁ። ይቺን ግን ማለፍ አቃተኝ። ጽዳት የምትሠራውን ሳምሪን ጠርቼ አሳየኋት። «ዶክተር፣ ይሄ ሁሉ በአንዲት ጥጥ ላይ ነበር?» አለችና ክዳኑን እንዳትነካ እጇን ወደ ኋላዋ አደረገች።

ከዚያ ሌላ ሳህን ላይ ዘራኋቸውና ትንንሽ ክብ ወረቀቶች አኖርኩባቸው። እያንዳንዷ ወረቀት የተለያየ መድኃኒት አላት። ገበያ ላይ ሁሉም ሰው ለሁሉም በሽታ የሚወጋው ቢጫ መድኃኒት ባለባት ወረቀት ሥር ድረስ በቅለዋል፤ ከቁም ነገር አልቆጠሩትም። በፔኒሲሊኗ ወረቀት ዙሪያ ግን ሰፊ ባዶ ሜዳ ቀረ። አንድም ነፍስ አልቀረበም። አሮጌ፣ ርካሽ፣ ሰው የናቀው መድኃኒት ነው፤ እነሱ ግን ይፈሩታል።

ስለዚህ መጋላ መካን አይደለችም። የእንግዴ ልጁ በቆየባት ጊዜ እነዚህ ገቡ፤ ድንጉላው የሚሰጣት ዘር የሚያርፈው በቆሰለ ቤት ላይ ነው። ቤቱን ማጠብ፣ ማከም ይቻላል። ሕክምናውን በሌላ ወረቀት ለአያንቱ ጽፌላታለሁ።

መንገዱ ክፍት ቢሆን ራሴ እመጣ ነበር፤ በተማሪዎቹ ሰልፍ የተነሣ ግን ከትናንት ጀምሮ ከዚህ የሚወጣ መኪና የለም። አያንቱ የተላከችበት ወረዳ ማን ይባላል? በየወረዳው አብረን የተማርናቸው ልጆች ስላሉ ልጠይቅላት።

ልጅዎ
ሚንሃ


ሱሉልታ፣ ጥር 2 ቀን 2008 ዓ.ም.

ልጄ ሚንሃ፣

እንደምን ከርመሻል? «አንቺ» ብዬ ስጽፍ እጄ ትንሽ አመነታ፤ አሁን ለመደ።

ወረዳውን ጠይቀሽኛል። ወረዳ የለም። ዋሽቼሻለሁ፤ ይቅር በይኝ።

ብልቃጡን ባስያዘችኝ ዕለት፣ ከሰዓት በኋላ፣ ከክሊኒኩ በር ላይ ከሁለት ባልደረቦቿ ጋር ወስደዋታል። አንዱ ሰው «ከተማሪዎቹ ጋር ተሰልፋ ነበር» ይለኛል። ሌላው «የተመቱ ልጆችን ቁስል አጥባ ነው» ይላል። እኔ ሁለተኛውን አምናለሁ፤ ልጄን ስለማውቃት። ወዴት እንደወሰዷት የሚነግረኝ አላገኘሁም። ይህ ደብዳቤ የሚያልፍበትን እጅ ሁሉ ስለማላውቅ ከዚህ በላይ አልጽፍም። ለምን እንደዋሸሁሽ ራሴን ጠይቄ ነበር። ለሥራ ሄደች ብዬ ከጻፍሁ፣ የሄደችው ለሥራ የሚሆን መስሎኝ ነው።

ገለቴ አላለቀሰችም። ሳህኗ ላይ ስለወጣው ጤዛ የጻፍሽውን ሦስት ጊዜ አስነበበችኝ። በሦስተኛው ጊዜ ተነሥታ እጇን ታጠበችና መዳፏን ዘርግታ ስታየው ቆየች።

«እኔ አደርገዋለሁ» አለች።

«አንቺ የሰው አዋላጅ እንጂ የፈረስ አይደለሽም» አልኋት።

«ማህፀን ማህፀን ነው። ደግሞስ ልጄ የጀመረችውን ማን ይጨርስላት?»

ሚንሃ፣ ገለቴ በዚህ ቀበሌ ሠላሳ ዓመት ልጅ ተቀብላለች። እጇ ቀጭን ነው፤ የኔ እንደ አካፋ ነው። ክሊኒኩ ከዚያ ቀን ወዲህ አልተከፈተም። የአያንቱ ሳጥን ቤት ውስጥ አለ፤ ረጅሙ ጓንትም፣ ቱቦውም፣ ሁለት ያልተከፈቱ ብልቃጦችም አሉበት። ይፈቀዳል ወይስ አይፈቀድም? አይሆንም ካልሽ አይሆንም ነው፤ አንከራከርሽም።

ቦጂያ


ሰበታ፣ ጥር 8 ቀን 2008 ዓ.ም.

አባባ፣

ደብዳቤዎን ላቦራቶሪ ውስጥ ቆሜ ጀመርኩት፤ ግማሹ ላይ ስደርስ ተቀመጥኩ።

መጀመሪያ ዓመት ላይ ጀርባዋ የተላጠ አህያ ሰጥተውን ነበር። እኔ አፍንጫዬን ይዤ ቁስሏን ሳጥብ፣ አያንቱ ጆሮዋ ሥር ሆና ትዘፍንላት ነበር። መምህሩ «ይሄ ሕክምና ነው?» ሲላት «ቆማልኛለች አይደል?» አለችው። እሷን ያወቅኩት በዚያ ቀን ነው። ስለ ዋሹኝ ይቅርታ አይጠይቁኝ።

የጠየቁኝን ደንቡ አይፈቅድም። የተማረ ሰው ነው የሚሠራው። ሁለት ቀን አስቤበት የደረስኩበት ይህ ነው፦ የተማረችው ሰው የለችም፣ መንገዱ ለኔ ዝግ ነው፣ መጋላም በዚህ ሁኔታ ብዙ ከቆየች ማህፀኗ ጠባሳ ይሆናል፤ ያኔ ፔኒሲሊንም አይመልሰውም። አያንቱ ስለ እናቷ እጅ ትነግረኝ ነበር። እሺ ብያለሁ፤ ኃላፊነቱም የኔ ነው።

ለእማማ ገለቴ ቀስ ብለው ያንብቡላቸው። አሁን አይጀምሩ። መጋላ ፈረስ የምትፈልግበት ጊዜ ጥር 22 አካባቢ ይመጣል፤ የማህፀን በሯ የሚከፈተው ያኔ ብቻ ነው። ጭራዋን በንጹሕ ጨርቅ ጠቅልለው ያስሩ። ከኋላዋ በሳሙና ሦስት ጊዜ ይጠብ፤ ሦስተኛው ውኃ ንጹሕ ሆኖ ካልወረደ አራተኛ። ጓንቱ ከተጠለቀ በኋላ ከመጋላ በቀር ምንም አይንካ፤ ዝንብ እንኳ ቢያርፍበት ይቀየር። የምልከው ከረጢት ሰው ግሉኮስ የሚለውን ይመስላል፤ ውስጡ ግን በልኩ ጨው የገባበት ንጹሕ ውኃ ነው። ክንድ ላይ ሲፈስ ለብ እስኪል ያሙቁት። በቱቦው ቀስ ብሎ ይግባ፤ ከዚያ ከረጢቱን ዝቅ ሲያደርጉት ራሱ ይመለሳል። በቀን ሦስት ከረጢት። የሚወጣውን በነጭ ባልዲ ተቀብለው ይዩት። ካለቀ በኋላ ፔኒሲሊኑ በጥቂት ውኃ ሟሙቶ ይገባና እዚያው ይተዋል።

አምስት ቀን ነው። በሦስተኛው ቀን ንጹሕ ሆኖ ቢወጣ እንኳ አምስት ቀን። ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ነው፤ የተረፉት ጥቂቶች መድኃኒቱን ለምደው ይመለሳሉ። ትኩሳት ቢይዛት፣ መብላት ብትተው ወይም እግሯን እያፈራረቀች ብታነሳ፣ አቁመው ወዲያው ይላኩብኝ።

የአምስቱን ቀን ባንዴ መላክ አልተቻለም፤ ከረጢቱ ከባድ ነው። የሦስቱ ቀን አሁን በካሣዬ ይመጣል፤ የቀረው ይከተላል።

ሚንሃ


ሱሉልታ፣ ጥር 28 ቀን 2008 ዓ.ም.

ልጄ ሚንሃ፣

«በሕይወት አለች?» ብለሽ አንዲት መስመር ብቻ ላክሽ። አለች። መጋላ ገብስ እየበላች ነው። በጭንቀት ያሳደርሁሽ እኔ ነኝ፤ መንገዱ በመዘጋቱ ነው።

በመጀመሪያው ቀን መጋላን ከግንዱ ጋር አቁሜ ግንባሯን በደረቴ ያዝሁ። ገለቴ እንዳልሽው ታጠበች፣ አጠበች። እጇን ስታስገባ መጋላ ትረግጣታለች ብዬ ግንባሯን ይበልጥ አጥብቄ ያዝሁ። አንድ ጊዜ ብቻ ጆሮዋን ወደ ኋላ አድርጋ ከዚያ ጭንቅላቷን ጣለችብኝ። ገለቴ ዓይኗን ጨፍና ነበር።

«ምን አገኘሽ?» አልኋት ጮኼ።

ቱቦውን ካስገባች በኋላ ወደ እኔ ዞራ ቀስ ብላ፣ እንድሰማት፣ «ሙቀቷ የሰው ነው» አለች።

በዚያ ቀን ባልዲው ውስጥ የወረደው የተናጠ አይብ ይመስል ነበር። ሦስት ዓመት ያንን ይዛ ተራራ ወጥታለች፣ እህል ጭናለች፣ እኔንም ተሸክማለች። ባልዲውን ይዤ መድፋት አቃተኝ። በሁለተኛው ቀን የገብስ ውኃ መሰለ። በሦስተኛው ቀን ነጭ ጭረት ብቻ ቀረው። ጎረቤቶች አጥር ላይ ተደግፈው ያዩ ነበር፤ በመጀመሪያው ቀን ይሥቁ ነበር፣ በሦስተኛው ቀን መሣቁን ተዉ።

የአራተኛው ቀን መድኃኒት ግን አልመጣም። ወጣቶቹ መንገዱን በድንጋይ ዘግተዋል፣ ወዲያ ማዶ ደግሞ ወታደር ቆሟል። ሰልፉን ያስነሣው ማስተር ፕላን ቀረ ተብሎ በሬዲዮ ከተነገረ ሰንብቷል፤ የታሰረ ስላልተፈታ፣ የሞተም ስለማይመለስ፣ መንገዱ እየተከፈተ ይዘጋል። ገለቴ እስከ ቀትር በር ላይ ቆመች። «አምስት ቀን ብላለች» ትላለች። «አምስት ቀን።»

ዘጠኝ ሰዓት ላይ ካሣዬ በእግሩ መጣ። መኪናውን ቡራዩ አቁሞ፣ ሳጥኑን በትከሻው ተሸክሞ፣ በእንጦጦ ጀርባ በባሕር ዛፉ ውስጥ አሳብሮ። ሸሚዙ በላብ ተጣብቆበታል፤ ጫማው ተቀዷል። ይህ ሰው ከወላይታ መጥቶ እኛ ዘንድ ወተት የሚጭን ነው፤ ባዝራ የለው፣ መሬት የለው፣ ከዚህ ነገር አንዳችም ጥቅም የለው።

«ሁለት ጊዜ አስቆሙኝ» አለኝ። «መጀመሪያ ልጆቹ፣ በኋላ ወታደሮቹ። ምን ይዘሃል ሲሉኝ የፈረስ መድኃኒት አልኩ። ወታደሩ ከፍቶ አየና 'ለፈረስ ብለህ ነው እዚህ ድረስ የምትሞተው?' አለኝ። ለአያንቱ እናት ነው አልኩት። ዘጋና ሰጠኝ።»

«ለምን መጣህ ካሣዬ? ቢተኩሱብህስ?»

«አባባ፣ አምስት ቀን ነው ተብሏል እኮ» አለኝ።

ውኃ ሰጥቼው ጠጥቶ እስኪጨርስ አጠገቡ ቆምሁ። 

በአምስተኛው ቀን የወረደው ውኃ የባልዲውን ሥር አሳየኝ። ምንጭ ነበር።

አባትሽ ቦጂያ


ሰበታ፣ የካቲት 19 ቀን 2008 ዓ.ም.

አባባ፣

«ከሕክምናው በኋላ ከላክንልሽ ጥጥ ምንም ካልበቀለ፣ ጥጡ መንገድ ላይ ተበላሽቶ አለመሆኑን በምን ታውቂያለሽ?» ላሉኝ፣ ጥሩ ጥያቄ ነው፤ እኔም ስለፈራሁ በሁለት ሳህን ነው የዘራሁት። ጎን ለጎን ከሌላ የታመመ እንስሳ የመጣ ጥጥ ዘራሁ፤ እሱ እንደ ልማዱ በቀለ። የመጋላን ሳህን ሁለት ቀን፣ ሦስት ቀን ጠበቅኩ። ቀይ ሆና ቀረች። ምንም። ባዶ ሳህን ይዤ መስኮት ላይ ያን ያህል የቆምኩበት ቀን የለም።

በሚቀጥለው ጊዜዋ ከድንጉላው ጋር ያገናኟት። አንድ ጊዜ ይበቃል፤ አያብዙባት።

ስለ አያንቱ የጠየቁኝን አድርጌአለሁ። በሰበታም በቡራዩም እስር ቤት ደጃፍ ምግብ ይዤ ተሰለፍኩ። ሁለቱም ቦታ ዝርዝሩ ላይ ስሟ የለም። ምግቡን ከኋላዬ ለነበሩ እናት ሰጠኋቸው። እንደገና እሄዳለሁ።

ሚንሃ


ሱሉልታ፣ ጥቅምት 17 ቀን 2009 ዓ.ም.

ልጄ ሚንሃ፣

ከክረምቱ ወዲህ ሦስት ደብዳቤ ላክሁ፣ መልስ አላገኘሁም። ሥራ በዝቶባት ነው እያልሁ ለገለቴ ስነግራት ነበር። ትናንት ካሣዬን አጥብቄ ስይዘው ነገረኝ።

የወንድምሽ የሐምዱ አይሱዙ መስከረም መጨረሻ ላይ ከነ ጭነቱ እንደተቃጠለ፣ እሱም መሪው ላይ ሳለ እጆቹ እንደተቃጠሉ አሁን ሰማሁ። ቢሾፍቱ በበዓሉ ላይ ያለቁት ሰዎች ሐዘን በሁሉም ቤት ገብቶ ነበር፤ ሐዘን ግን የሰው ልጅ መኪና ውስጥ እያለ ክብሪት አያስጭርም። ያደረጉት የኛ ልጆች ናቸው። በስም አላውቃቸውም፤ ቢሆንም የኛ ናቸው። አንቺ ለኛ ያንን ሁሉ ስታደርጊ የኛ እጅ ወንድምሽን አቃጠለ። ይህን እንዴት አድርጌ ልጻፈው? ገለቴ ያን ሦስት ጊዜ ያስነበበችኝን ደብዳቤሽን አውጥታ ደረቷ ላይ ይዛ ተቀመጠች።

ከእንግዲህ አልጽፍላችሁም ብትዪ እውነትሽን ነው። አንድ ነገር ብቻ ልንገርሽና ላቁም። መጋላ ከመጋቢት 4 ጀምሮ ከኦቦ ኢቲቻ ድንጉላ ይዛለች። ትናንት መዳፌን ከጎኗ በታች አድርጌ ስጠብቅ ከውስጥ ገፋኝ። እጄን አንሥቼ እንደገና መለስሁት፤ እንደገና ገፋኝ። ማንም ያላየው፣ ስም የሌለው ነገር፣ አለሁ አለኝ። ለማን ልንገር? ላንቺ ነገርሁ።

ይቅር በይን።

ቦጂያ


ሰበታ፣ ኅዳር 11 ቀን 2009 ዓ.ም.

አባባ፣

«ተቆጥተሽብናል?» ብለው በካሣዬ ስላስጠየቁኝ እውነቱን ልጻፍ። አዎ፣ ተቆጥቼ ነበር። ደብዳቤዎችዎን ሳልከፍት መሳቢያ ውስጥ አስቀመጥኳቸው። አባቴ «ማን ነው ከሱሉልታ የሚጽፍልሽ?» ሲለኝ «ሥራ ነው» አልኩት። አንድ ወር ሙሉ የኦሮምኛ ሰላምታ ስሰማ ፊቴን አዞር ነበር። ይህን በማድረጌ እኔም ይቅርታ እጠይቃለሁ።

የሐምዱ እጆች በሁለተኛው ሳምንት አመረቀዙ። መድኃኒት ቢቀያይሩለትም ትኩሳቱ አልወርድ አለ። ሆስፒታሉ ከቁስሉ ላይ ጥጥ ወሰደ። በማግስቱ ላቦራቶሪያቸው ሄጄ «ባለሙያ ነኝ፣ አሳዩኝ» ብዬ ለመንኳቸው። ያቺው ቀይ ሳህን ናት። ሌላ ዓይነት ተህዋስ ነው፤ ያቺው ሳህን፣ እነዚያው ክብ ወረቀቶች ናቸው። በአራቱ ዙሪያ በቅሏል። በአምስተኛዋ ዙሪያ ባዶ ሜዳ። ጣቴን አድርጌ «ይቺን ስጡት» አልኩ፤ እነሱም ሊሰጡት ነበር። በሦስተኛው ቀን ሐምዱ «ውኃ» አለ።

ያኔ ወደ ቤት ሄጄ መሳቢያውን ከፈትኩ። የሰው እጅና የፈረስ ማህፀን እንዲህ በአንድ መንገድ እንደሚድኑ ከመጽሐፍ ተምሬዋለሁ፣ ተፈትኜበትም አልፌአለሁ። አላወቅኩትም ነበር።

ሐምዱ አሁን ማንኪያ ይይዛል። እርስዎ አላቃጠሉትም፤ ይህንን ጨርሰናል።

ስለ መጋላ፦ ከጥር መጨረሻ ጀምሮ ይጠብቋት። ከወለደች በኋላ ሰዓት ይያዙ። የእንግዴ ልጁ በሦስት ሰዓት ውስጥ መውረድ አለበት። ማንም እንዳይጎትተው። ካለፈ ሰው ይላኩብኝ፤ መንገድ ተዘጋ አልተዘጋ እመጣለሁ። ሲወርድ ሜዳ ላይ ዘርግታችሁ ሙሉ መሆኑን እዩ፤ መዳፍ የምታህል ቁራጭ ውስጥ ከቀረች ያ ሁሉ ይመለሳል።

ሚንሃ


ሱሉልታ፣ የካቲት 11 ቀን 2009 ዓ.ም.

ልጄ ሚንሃ፣

በጥር ወር የላክሁልሽ ደብዳቤ ጽሕፈት የማን እንደሆነ ጠይቀሽኛል። «እጄን አሞኝ ጎረቤት ጽፎልኝ ነው» ብዬሽ ነበር። ሁለተኛ ውሸቴ ነው፤ ዛሬ ግን እንድነግርሽ ተፈቅዶልኛል። የአያንቱ ጽሕፈት ነው። ጥር 10 ቀን ተፈታ መጥታለች። «ሰው እስክሆን ለሚንሃ አትንገራት» አለችኝ፤ ቃሏን ጠበቅሁ።

ምን እንዳገኛት አልጠየቅናትም፤ እሷም አልነገረችንም። ቀኑን ሙሉ በር ላይ ትቀመጥ ነበር። ሳጥኗን አልከፈተችም፣ በረት አልገባችም። ሰው በድንገት ከነካት ትደነግጣለች። ገለቴ ያቀረበችላትን ሁሉ «በኋላ» ትልና እንዳለ ይመለሳል። ያንቺን ደብዳቤዎች ብቻ አንድ በአንድ አነበበቻቸው፤ የጥር ወሩንም ደብዳቤ እኔ ሳልጠይቃት ራሷ ጻፈችልኝ።

ዛሬ ሲነጋጋ መጋላ ተኛች፣ ተነሣች፣ ላቧ ወረደ። ገለቴን ጠራኋት። ነጩ ከረጢት ታየ፣ ከዚያ አንዲት ሰኮና፣ ሌላዋ ከኋላዋ፣ በጉልበቶቹ ላይ ደግሞ አፍንጫ። እኔ ሰው መሆኔን ረስቼ ተንበርክኬ ነበር። አንድ ጊዜ ገፋችና ሙሉ ፈረስ ሣሩ ላይ ወደቀ። ሴት ናት። ጥቁር ናት፣ ጭስ የመሰለች። ከመጋላ ትንፋሽ ሙቀት ጋር ጭንቅላቷን ስታነሣ ገለቴ አፏን በሁለት እጇ ያዘች።

ከዚያ ሰዓቱን መቁጠር ጀመርን። አንድ ሰዓት አለፈ፤ ውርንጭላዋ ቆመች፣ ጠባች። ሁለት ሰዓት አለፈ። የእንግዴ ልጁ ከመጋላ ኋላ እንደ ቀይ ጨርቅ ተንጠልጥሏል፤ አይወርድም። የዛሬ አራት ዓመቱ ታየኝ። እጄ በራሱ ወደ እሱ ሄደ።

«አባ! እንዳትጎትተው!»

አያንቱ ናት። ከበሩ ተነሥታ መጥታለች። በእኔና በመጋላ መካከል ገብታ የተንጠለጠለውን መሬት እንዳይነካ አንሥታ በጨርቅ አሰረችው። ከዚያ የመጋላን ጎን ተደግፋ ቆመች። ጆሮዋ ሥር ሆና አንድ ነገር ስታዜም ከንፈሯን አየሁ። ከወለደች ሁለት ሰዓት ከአርባ ደቂቃ ሲሆን መጋላ አንድ ጊዜ አቃሰተች፣ ሁሉም ወረደ።

አያንቱ ውኃ አስመጣች። ሣሩ ላይ ዘረጋችው። «አባ፣ ና እይ» አለችኝ።

ሚንሃ፣ ሰባ አንድ ዓመቴ ነው። ይህን ነገር ስንት ጊዜ ጉድጓድ ቆፍሬ ቀብሬዋለሁ፤ አንድ ቀን ግን አላየሁትም። በአንድ ወገን እንደ ከፋይ ቀይ ነው። ገልብጣ ስታሳየኝ በሌላው ወገን ሰማያዊ ነው፤ ከመሐሉ ተነሥተው እየቀጠኑ እስከ ዳር የሚሄዱ ሥሮች ሞልተውታል። ከተራራ ላይ ሆኜ የክረምት ወንዞችን የማይ መሰለኝ። ሁለት ክንድ አለው፤ አንዱ ረጅም፣ አንዱ አጭር። ያቺ ጥቁር ልጅ አሥራ አንድ ወር የኖረችበት ቤት ነው፤ በኛ ግቢ፣ በኛ ባዝራ ውስጥ፣ እኔ እህል ስጭንባት ተሠርቶ አለቀ። ማን አስተማራት?

አያንቱ ተንበርክካ ጠርዙን በጣቷ ተከተለችው። ረጅሙን ክንድ እስከ ጫፉ፣ አጭሩንም እስከ ጫፉ። አልቸኮለችም። ገለቴ ከበላይዋ ቆማ ነበር፤ እንዳትነካት እጆቿን እርስ በርስ ይዛ።

«ሙሉ ነው» አለች አያንቱ። «ምንም አልቀረም።»

ተነሥታ በሳሙና ታጠበች፤ አንድ ጊዜ፣ ሁለት ጊዜ፣ ሦስት ጊዜ። እጇን እያደረቀች ወደ እናቷ ዞረች።

«እማ፣ ርቦኛል።»

ገለቴ ሮጠች። ዕድሜዋን ረስታ ሮጠች። በቅቤ የታሸውን የገብስ ጭኮ ከነገንቦው ይዛ መጣች። አያንቱ መጋላ አጠገብ ሣሩ ላይ ተቀመጠችና በእጇ ትበላ ጀመር። ይህን የምጽፍልሽ አጠገቧ ሆኜ ነው። አሁንም እየበላች ነው።

አባትሽ
ቦጂያ